ደጋን ስትሠሩ ራስፑ ሲያስቸግራችሁ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ደጋን ስል ፍላጻ የሚወረወርበትን ነው፣ የጥጥ መንደፊያውን ወይ የመሰንቆውን አይደለም። እዚህ ሜሪላንድ ሆኜ ከአንድ ወጥ እንጨት ደጋን መሥራት ከጀመርኩ የተወሰነ ዓመት ሆኖኛል፣ አብዛኛውን በሂከሪና በቀይ ኦክ ነው፣ ፋይበርግላስ ምናምን የሌለበት። ደጋን ሲሰበር ወይ ልፍስፍስ ብሎ ሲቀር ብዙ ሰው እንጨቱን ነው የሚያማው፣ እኔ ግን በእጄ ካለፉት የተበላሹ ደጋኖች ውስጥ የብዙዎቹ እንጨት ደህና ነበር። የተበላሹት ሲሞረዱ ነው፣ ያውም ራስፑ መጥፎ ሆኖ ሳይሆን መቀመጥ በነበረበት ሰዓት ስላልተቀመጠ። ስለዚ የሚታየውን ምልክት እያነሳሁ ምክንያቱንና የማደርገውን ልጻፍላችሁ።

ቃላቱን መጀመሪያ እንግባባ። ጀርባ የምለው ደጋኑን ስትስቡት ወደ ኢላማው የሚያየውን ገጽ ነው፣ ሆድ ደሞ ወደናንተ የሚያየው። ክንድ ማለት ከመያዣው ወደላይና ወደታች የሚሄዱት ሁለቱ ናቸው። ራስፕ ማለት ጥርሱ አንድ በአንድ ተነስቶ የቆመ የእንጨት ሞረድ ነው፣ ዝም ብዬ ሞረድ ካልኩ ግን ያንን ባለመስመሩን ብረት የሚሞረድበትን ማለቴ ነው።

ራስፑ ይንሸራተታል እንጂ አይበላም

ወዲያው ደነዘ ብላችሁ አትጣሉት። ገልብጡትና ጥርሱን እዩት፣ በጥርሶቹ መሃል ሰጋቱራ ተጠቅጥቆ ከሆነ ጥርሱ ደህና ነው፣ የታፈነ ብቻ ነው። ለምን ታፈነ? አብዛኛውን ጊዜ እንጨቱ ስላልደረቀ። የደረቀ እንጨት ስትሞርዱት የሚወጣው ብናኝ እንደ ደረቅ ሽሮ ይበተናል፣ እርጥበት ያለው ግን እንደ ጥጥ እየተድበለበለ ጥርሱ ላይ ይጣበቃል። ደጋን ለማመጣጠን፣ ማለትም ክንዶቹ እኩል እንዲጎብጡ አድርጎ ለመሞረድ፣ እንጨቱ ውስጥ ያለው እርጥበት ከ8 እስከ 10 በመቶ አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ሂከሪ እንደውም ከዛም ትንሽ ቢወርድ ይወዳል። ከሱቅ የገዛችሁት በምድጃ የደረቀ ጣውላ ከሆነ ብዙ አያሰጋም፣ ከግንድ የፈለጣችሁት ከሆነ ግን ትዕግስት ነው፣ ራስፕ አይደለም ችግሩ። እርጥብ እንጨት ደሞ ራስፕ ከማፈን አልፎ ስትስቡት ጎብጦ ይቀራል።

የታፈነውን በብሩሽ ታጸዱታላችሁ። በማሽን የተሠራ ራስፕ ከሆነ የሞረድ ማጽጃ የሽቦ ብሩሽ ይችለዋል፣ በእጅ ጥርስ የወጣለት ውዱ ራስፕ ከሆነ ግን ሽቦ አታስጠጉት፣ የጥርሱን ጫፍ ያበላሻል፣ ጠንከር ያለ የፕላስቲክ ብሩሽ ይበቃዋል። ከመጀመራችሁ በፊት ጥርሱን በጠመኔ አሸት አሸት ብታደርጉት ሰጋቱራው ቶሎ አይጣበቅም። ኮላ ወይ ኤፖክሲ በደንብ ሳይደርቅ መሞረድ ደሞ ራስፕ መግደል ነው፣ ያንን ሞክሬው አንድ ሙሉ ከሰዓት በመርፌ ጥርስ ለጥርስ ስለቅም ውያለሁ።

ንጹሕ ሆኖም የማይበላ ከሆነ መብራት ስር ያዙት። የጥርሱ ጫፍ እንደ ትንሽ ነጭ ነጥብ ብልጭ ካለ ተበልቷል ማለት ነው፣ ስል ጫፍ ብርሃን አይመልስም። ብዙም ያልተበላውን አቼቶ ያነቃዋል። ቅባቱን በሳሙና ታጥቡና ነጭ አቼቶ ውስጥ አንድ ሌሊት ታሳድሩታላችሁ፣ ጠዋት በውኃ አለቅልቃችሁ ቤኪንግ ሶዳ በበጠበጣችሁበት ውኃ አሲዱን ትገድሉታላችሁ፣ ወዲያው አድርቃችሁ ቀጭን ዘይት ትቀቡታላችሁ፣ ካላደረቃችሁት በደቂቃዎች ውስጥ ይዝጋል። ጥርሱ የተሰበረ ወይ ተፍቆ ያለቀ ከሆነ ግን አቼቶም አያድነውም።

ሁለት ነገር ግን ራስፕን ቶሎ ይጨርሱታል። አንደኛው ወደፊትም ወደኋላም እየተጫኑ መሞረድ ነው። ራስፕ የሚበላው ወደፊት ሲገፋ ብቻ ነው፣ ሲመለስ አንሱት። ሁለተኛው፣ እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት ካሹ በኋላ ተመልሶ ራስፕ ማምጣት። የወረቀቱ አሸዋ እንጨቱ ውስጥ ተሰክቶ ይቀራል፣ ጥርሱ ያንን ሲነክስ ያልቃል። ብርጭቆ ወረቀት የመጨረሻው ሥራ ነው፣ በመሃል አታስገቡት።

ጭረቱ ጥልቅ ነው፣ ቢፋቅ ቢፋቅ አይጠፋም

ይሄ የምርጫ ጉዳይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

በማሽን የሚሠራ ርካሽ ራስፕ ጥርሱ እንደ ወታደር ሰልፍ ቀጥ ብሎ ነው የተደረደረው፣ ስለዚ አንዱ ጥርስ በሄደበት ቦይ ሌላው ይከተለዋል፣ ቦዩ እየጠለቀ ይሄዳል። በእጅ የሚሠራው፣ ለምሳሌ የፈረንሳዮቹ ኦሪዩና ሊዮዢዬ፣ ሠሪው ጥርሱን አንድ በአንድ በመዶሻና በሹል ብረት ነው የሚያስነሳው፣ ጥርሶቹ እጅ እንደመራቸው ትንሽ ትንሽ ይዛነፋሉ፣ ስለዚ አንዱ የተወውን ሌላው ይበላዋል፣ ገጹ ለስለስ ብሎ ይወጣል። የሚመረጡት በቁጥር ነው፣ ቁጥሩ ከፍ ሲል ጥርሱ ይደቃል፣ 15 በጣም ደቃቅ ነው፣ ለደጋን 9 አካባቢ ያለው ጥሩ ነው። ዋጋው ግን ከ100 ዶላር በላይ ይሄዳል፣ ለመጀመሪያ ደጋን ግዙ አልላችሁም። በማሽን ተሠርተው ግን ጥርሳቸው ሆን ተብሎ የተዛነፈ ደሞ አሉ፣ የኒኮልሰን 49 እና 50 ቁጥሮች በዚህ ይታወቃሉ፣ 50ው የደቀቀው ነው።

እኔ አንድ ብቻ ግዛ ብባል የጃፓኑን ሺንቶ ነው የምገዛው። ራስፕ ይባላል እንጂ አሠራሩ ሌላ ነው፣ አሥር የብረት መጋዝ ምላጭ እንደ ወንፊት እየታጠፈ እርስ በርሱ ተያይዞ የተሠራ ነው፣ ክፍት ስለሆነ ሰጋቱራው ያልፋል፣ አይታፈንም። በአንዱ በኩል በኢንች 11 ጥርስ፣ በሌላው 25 ጥርስ አለው፣ ሻካራውም ደቃቁም በአንድ እጀታ ማለት ነው። ጉድለቱ ጠፍጣፋ መሆኑ ነው፣ መያዣው አጠገብ ያለውን ጎድጎድ ያለ ቦታ አይገባም። ለሱ ግማሽ ክብ ራስፕ ያስፈልጋችኋል፣ እዚህ ጋ በየሃርድዌር ሱቁ በትንሽ ብር የሚሸጠው አራት በአንድ የሆነው፣ በአንድ በኩል ጠፍጣፋ በሌላው ግማሽ ክብ፣ ግማሹ ራስፕ ግማሹ ሞረድ የሆነው እሱ ይበቃል። የፈረስ ኮቴ የሚሞረድበትን ትልቁን ራስፕ የሚጠቀሙም ብዙ ናቸው፣ 14 ኢንች ነው፣ ከባድ ነው፣ ብዙ እንጨት ቶሎ ለማውረድ ደስ ይላል። ለፈረስ የደነዘው ለእንጨት ገና ነው፣ ስለዚ ከኮቴ ሠራተኞች አሮጌውን በነጻ ማግኘትም ይቻላል።

ግን የትኛውንም ብትገዙ ጭረቱ የማይጠፋበት ዋናው ምክንያት ሻካራውን እስከ መጨረሻው መጠቀማችሁ ነው። ሻካራ ራስፕ የሚተወው ቦይ ጥልቀት አለው፣ ካሊፐር የሚሉትን የውፍረት መለኪያ ስታስገቡ የምትለኩት ደሞ የቦዩን ጫፍ እንጂ ሥሩን አይደለም፣ ስለዚ 13 ሚሊሜትር ነው ያላችሁት እንጨት ጭረቱ ሲጠፋ 12 ሆኖ ታገኙታላችሁ። መፍትሄው ከምትፈልጉት ውፍረት 1 ሚሊሜትር ሲቀራችሁ ሻካራውን ማስቀመጥ ነው። ከዛ ደቃቁ፣ ከዛ ስክሬፐር የሚሉት ስስ የብረት መፋቂያ። ስክሬፐር ከሌለ የጠርሙስ ስባሪም ይፍቃል፣ ጓንት ማድረግ ብቻ እንዳትረሱ።

ሆዱ ላይ እንደ ቆርቆሮ ጣራ ሞገድ ወጣ

እጃችሁን ሆዱ ላይ ስታንሸራትቱ ከፍ ዝቅ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ስትሞርዱ ደሞ ራስፑ ይንጫጫል፣ እንጨቱ ይንቀጠቀጣል። ምክንያቱ አያያዙ ነው። ክንዱ ከሞርሳው ውጪ ረዥም ሆኖ ተንጠልጥሎ ከሆነ እንጨቱ ከጥርሱ እየሸሸ ይመለሳል፣ በእያንዳንዱ መመለስ አንድ ጉብታ ይተዋል። የምትሞርዱትን ቦታ ወደ ሞርሳው አስጠጉት፣ ከስሩ ጣውላ አስገቡና ጫፉን በክላምፕ አስሩት፣ በሞርሳው ጥርስና በደጋኑ ጀርባ መሃል ቆዳ ወይ ወፍራም ጨርቅ አድርጉ፣ ያለሱ የሞርሳው ጥርስ ጀርባውን ይነክሰዋል፣ የጀርባ ንክሻ ምን እንደሚያደርግ ወደታች እመጣበታለሁ።

የወጣውን ሞገድ ለማጥፋት በዛው አቅጣጫ ብትቀጥሉ ጉብታው ይብሳል። ራስፑን ወደ 45 ዲግሪ አዙሩና በሰያፍ ግፉት፣ ከዛ በተቃራኒው ሰያፍ፣ ሁለቱ ሲሻገሩ ጉብታው ብቻ ይነካል ጎድጓዳው ይቀራል። ስክሬፐር የሚተወውም ሞገድ መድኃኒቱ ይኸው ነው፣ ደቃቁን ራስፕ በሰያፍ ሁለት ሦስቴ ማሳለፍ።

ሆዱ ወደ አንድ ጎን ዘመመ፣ ክንዱ ሲሳብ ይጠመዘዛል

ቀኝ እጅ የሆነ ሰው ራስፕ ሲገፋ ሳያውቀው ወደ አንድ በኩል ይጫናል። አንድ ሰዓት ቆማችሁ ከአንድ ጎን ብቻ ብትሠሩ በቃ ሩቁ ጠርዝ ወይ ቅርቡ ጠርዝ ቀጥኖ ታገኙታላችሁ፣ ስትስቡት ደሞ ክንዱ ወደ ደካማው ጎን ይጠመዘዛል፣ አውታሩ ከመሃል ይወጣል። ይሄ በዓይን ቶሎ አይታይም፣ በካሊፐር ግራና ቀኝ ጠርዙን ብትለኩ ግን ወዲያው ይገኛል።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። ሆዱ ላይ መሃል ለመሃል በእርሳስ መስመር አሰምራለሁ፣ በሁለቱም ጎኖች ላይ ደሞ የምፈልገውን ውፍረት አሰምራለሁ። ከዛ ራስፑን አጋድዬ አንዱን ጠርዝ እስከ ጎኑ መስመር አወርዳለሁ፣ የመሃሉን መስመር ሳልነካ። ዞሬ ሌላውን እንዲሁ። አሁን ሆዱ እንደ ቤት ጣራ ሆኗል፣ መሃሉ ላይ ከፍ ያለ ሸንተረር ቀርቷል። ያንን ሸንተረር ብቻ ጠፍጣፋ አድርጌ ማውረድ ነው የሚቀረኝ፣ ጠርዞቹ ቀድመው ስለተለኩ አይዛነፍም። በየሃያ ግፊቱ ደሞ ደጋኑን አዙሬ በሌላው በኩል እቆማለሁ፣ ከደከማችሁ ይሄን ነው መጀመሪያ የምትረሱት።

አንድ ቦታ ላይ እንደ ጉልበት ይታጠፋል

ብዙ ደጋን የሚሞተው እዚህ ጋ ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ የጎረቤት ልጅ የመጀመሪያ ደጋኑን ይዞልኝ መጣ፣ ቀይ ኦክ ነው፣ "ጋሼ፣ የላይኛው ክንድ በጣም ይጠነክራል፣ እሱን ልሞርደው?" አለኝ። ቆይ አልኩት። ትንሽ ሳብ አድርጎ እንዲይዘው ነገርኩትና 15 ሴንቲ የሚሆን ቀጥ ያለ ቁራጭ እንጨት ሆዱ ላይ አስቀምጬ ቀስ እያልኩ ከመያዣው ወደ ጫፍ ነዳሁት። ደጋን ሲሳብ ሆዱ ይጎደጉዳል፣ ስለዚ ቁራጩ በሁለት ጫፉ ይነካል መሃሉ ላይ ክፍተት ይተዋል፣ ክፍተቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ከሄደ ክንዱ እኩል ነው የሚጎብጠው። የላይኛው ክንድ ላይ ክፍተቱ እኩል ነበር። ታችኛው ላይ ግን ከመያዣው አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ ክፍተቱ እጥፍ ሆነ። "ላይኛው አይደለም የጠነከረው፣ ታችኛው ነው የታመመው" አልኩት። ዝም ብሎ እዛች ቦታ ላይ አውራ ጣቱን አሸት አሸት አደረገና "እዚህ ጋ ነው ሞርሳው የነበረው" አለ።

እውነቱን ነው፣ ምክንያቱ ይኸው ነው። ሰው ሲሞርድ እጁ በጣም የሚበረታበት፣ እንጨቱ የማይንቀጠቀጥበት፣ ለዓይንም ቅርብ የሆነ አንድ ቦታ አለ፣ ከሞርሳው ትንሽ ፈንጠር ብሎ። ሳናውቀው ግፊቱ ሁሉ እዛ ይከማቻል። ግማሽ ሚሊሜትር ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል፣ የእንጨት ጥንካሬ ግን ከውፍረቱ ጋር እኩል አይደለም የሚቀንሰው፣ በውፍረቱ ሦስት ጊዜ ተባዝቶ ነው። 12 ሚሊሜትር የነበረው 11.5 ሲሆን ጥንካሬው 12 በመቶ ይወርዳል። 15 የነበረው 14 ሲሆን ወደ 19 በመቶ ይጠጋል። ከስፋቱ ብትቀንሱ ግን 10 በመቶ ስፋት 10 በመቶ ጥንካሬ ብቻ ነው የሚወስደው። ስለዚ በሆዱ ላይ አንድ ራስፕ ግፊት ማለት ከጎን ከምትገፉት ብዙ እጥፍ ነው፣ ይሄን ሂሳብ ማወቅ ብቻውን እጅን ቀለል ያደርጋል።

መፍትሄው፣ የታመመውን ቦታ ከዚህ በኋላ እንዳትነኩት። በእርሳስ ትልቅ ኤክስ አድርጉበት። ከሱ ግራና ቀኝ ያለውን፣ ከዛም ሌላኛውን ክንድ፣ ቀስ እያላችሁ ታወርዳላችሁ ታማሚው ብቻውን እንዳይሠራ፣ ሌሎቹም ሸክሙን እንዲካፈሉ። በዚህ መሃል የደጋኑ ክብደት፣ ማለትም እሱን ለመሳብ የሚያስፈልገው ጉልበት፣ ይወርዳል፣ 45 ፓውንድ ያሰባችሁት 35 ሊሆን ይችላል፣ ያንን መቀበል ነው። የልጁ ደጋን 28 ፓውንድ ላይ ቆመ፣ አሁንም ይሠራል፣ ታናሽ እህቱ ናት የምትወረውርበት።

እንዳይደርስባችሁ ደሞ፦ ግፊታችሁን አርዝሙት፣ ቢያንስ አንድ ስንዝር ከዛም በላይ እንዲሄድ፣ እግራችሁም አብሮ ይራመድ። ሊወርድ የሚገባውን ቦታ በእርሳስ ሞነጫጭሩት፣ የእርሳሱ ቀለም እኩል እስኪጠፋ ሞርዱ፣ ሲጠፋ አቁሙ። በየ5 ሴንቲው በካሊፐር ለኩና ቁጥሩን ጎኑ ላይ ጻፉት፣ ከመያዣ ወደ ጫፍ ቁጥሩ ቀስ እያለ መውረድ አለበት፣ ወርዶ ተመልሶ የሚወጣ ቁጥር ካያችሁ የወረደበት ቦታ ነው ነገ የሚታጠፈው። እንጨት ካወረዳችሁ በኋላ ደሞ ሃያ ሠላሳ ጊዜ በትንሹ ሳብ ለቀቅ አድርጉት፣ እንጨት የተደረገበትን ወዲያው አይናገርም፣ ሳትስቡት ሌላ ብታወርዱ ሁለት ጊዜ ቀነሳችሁ ማለት ነው።

የራስፕ አቀያየሬ እንዲህ ነው። ጫፉን መሬት ላይ ተክዬ መያዣውን ስጫን ክንዱ ጎበጥ እስኪል ድረስ ሻካራውን እጠቀማለሁ። ጎበጥ ካለ ሻካራው ወደ ግድግዳው ይመለሳል። አውታር ገብቶለት በፑሊ (ገመድ በሚያልፍበት መዘውር) እየሳብኩ ከሩቅ ሳየው ደቃቁ ብቻ ነው። 20 ኢንች ከተሳበ በኋላ ራስፕ የሚባል አላነሳም፣ ስክሬፐር ብቻ። በየደረጃው እጃችሁ "ትንሽ ቆይ፣ ይሄኛው ቶሎ ይጨርሳል" ይላችኋል፣ አትስሙት።

ጉጥ ጋ ሲደርስ እንጨቱ ተቦጨቀ

ቅርንጫፍ የወጣበት ቦታ ላይ የእንጨቱ ጅማት ዙሪያውን ይጠመዘዛል። መላጊያ ወይ ባለሁለት እጀታ ቢላ እዛ ሲደርስ ጅማቱን ተከትሎ ወደ ውስጥ ይገባና ገንጥሎ ያወጣል። ለዚህ ቦታ ራስፕ ነው ትክክለኛው መሣሪያ፣ ጅማት አይከተልም፣ የነካውን ብቻ ነው የሚበላው። ራስፕም ሆኖ ከቦጨቀ ሻካራ ነው ማለት ነው ወይ ከጠርዝ ወደ ውጪ እየገፋችሁ ነው። ከውጪ ወደ መሃል ግፉ። ጉጡ ዙሪያ ደሞ ከሌላው ትንሽ ወፈር አድርጋችሁ ተዉት፣ እዛ ቦታ ላይ ትንሽ ጠንከር ቢል ምንም አይደለም።

ጀርባው ላይ ስንጥር ተነሳ

ጀርባ ላይ ራስፕ አይወጣም። ደጋን ሲሳብ ጀርባው ይለጠጣል ሆዱ ይጨመቃል፣ የተለጠጠ ነገር ላይ ተሻግሮ የተጫረ ጭረት ደሞ እንደ ተቀደደ ጨርቅ ነው፣ ከዛች ጫፍ ነው የሚቀጥለው። ከግንድ የተፈለጠ እንጨት ከሆነ ጀርባው አንድ የእድሜ ቀለበት ብቻ ሆኖ ከጫፍ ጫፍ ሳይቆረጥ መሄድ አለበት፣ አንድ ቦታ ላይ ራስፕ ነክቶት ወደሚቀጥለው ቀለበት ከገባ ስንጥሩ ከዛ ይነሳል። እኔ ሁለተኛውን ደጋኔን የሰበርኩት በዚህ ነው፣ ጣውላው ላይ የነበረ የፋብሪካ መጋዝ ምልክት አላምር ብሎኝ ጀርባውን በራስፕ በአግድም ሦስት አራቴ ሳብ ሳብ አደረግኩት፣ ከወራት ሥራ በኋላ 26 ኢንች ላይ ጧ አለ፣ የተሰበረውን ሳነሳው ስብራቱ ልክ በአንዷ ጭረት ላይ ቀጥ ብሎ ተጀምሯል። ቁራጩን እስካሁን አስቀምጬዋለሁ።

ጀርባው ላይ ምልክት ካለ በብርጭቆ ወረቀት በርዝመቱ ብቻ አሹት። ጠርዞቹን ደሞ ገና ሳይሳብ፣ ሥራው ሲጀመር፣ በሞረድ በርዝመቱ አዙሩዋቸው፣ የእርሳስ ውፍረት ያህል ክብ ቢሆኑ ጥሩ ነው፣ ስል ጠርዝ ስንጥር ይወዳል። ትንሽ ስንጥር ከተነሳ ስስ ሱፐር ግሉ አስገብታችሁ ሲደርቅ በክር ጠበቅ አድርጋችሁ ጠምጥሙበት፣ ብዙ ጊዜ ይይዛል። ረዥም ከሆነ ወይ ወደ ክንዱ መሃል እየሄደ ከሆነ ግን ያ ደጋን አይሳብ፣ ከፊታችሁ ነው የሚፈነዳው።

መያዣው አጠገብና ጫፉ ላይ

መያዣው ወደ ክንዱ የሚሸጋገርበት ቦታ ላይ በግማሽ ክቡ ራስፕ ብዙ ከጎደጎዳችሁ እዛው ይታጠፋል፣ በኮላ የተለጠፈ መያዣ ከሆነ ደሞ ይላቀቃል። ሽግግሩ ቀስ ያለ ዳገት ይሁን፣ 5 ሴንቲ ቢፈጅም ይፍጅ፣ ከላይ ሆናችሁ ስታዩት ዓይናችሁ የሚደናቀፍበት ቦታ ከሌለ ልክ ነው። አውታሩ የሚያርፍበትን ቦይ ጫፉ ላይ ስትቆርጡ ራስፕ አትጠቀሙ፣ የዛፍ መቁረጫ ሞተር መጋዝ የሚሳልበት 4 ሚሊሜትር ክብ ሞረድ ለዚህ የተሠራ ነው የሚመስለው፣ ከጎን ጀምራችሁ ወደ 45 ዲግሪ አጋድሉት፣ ጀርባውን አቋርጦ እንዳይሄድ።

ሆዱ ላይ ቀጫጭን የአግድም መስመሮች ታዩ

እነዚህ የራስፕ ጭረት ላይሆኑ ይችላሉ። እንጨቱ ከአቅሙ በላይ ሲጨመቅ ጅማቱ ይሰበርና በአግድም እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ያወጣል። ከራስፕ ጭረት ጋር በጣም ስለሚመሳሰል ሻካራ ሆድ ላይ አይለይም፣ ብዙ ሰው ሳያየው የሚቀጥለውም ለዚህ ነው። ለመለየት ቦታውን በስክሬፐር ፍቁት። ጭረት ከሆነ ይጠፋል። ቢፋቅም እዛው ካለ፣ በጥፍር ስታሻሹትም ደረጃ ነገር ከተሰማችሁ፣ ጅማቱ ነው የተሰበረው፣ ብዙውን ጊዜ ያ ቦታ ከጎረቤቱ ደካማ ነው፣ ስለዚ እንደ ታጠፈው ቦታ ነው የሚታከመው፣ አትንኩት፣ ዙሪያውን አቅልሉለት፣ የምትስቡበትንም ርዝመት ቀንሱ።

መዳፍ ሲቆስል፣ ሳል ሲመጣ

እጀታ የሌለው ራስፕ አትጠቀሙ፣ የኋላው ሹል ሾልኮ መዳፍ ይወጋል። መዳፋችሁ ውኃ ከቋጠረ እየተጫናችሁ ነው ማለት ነው፣ የሚጫነው ደሞ ራስፑ ስለደነዘ ነው፣ ወደ መጀመሪያው ነጥብ ተመለሱ። ማስክ አድርጉ። የው (yew) የሚባለው ዛፍ ከሆነ ግዴታ ነው፣ እንጨቱም ቅጠሉም መርዝ ነው፣ ኦሴጅ የሚባለው እንጨት ብናኝም የአንዳንዱን ሰው ቆዳ ያሳክካል። ስትጨርሱ ራስፖቹን እላይ በላይ አትጣሏቸው፣ ጥርስ ለጥርስ ይበላላሉ፣ እያንዳንዱን በጨርቅ ጠቅልሉት ወይ ግድግዳ ላይ ስቀሉት።

ዘይት ሲቀባ የራስፑ ጭረት ብቅ አለ

ደረቅ እያለ ልስልስ ያለ መስሎ የተልባ ዘይት ሲነካው ጭረቱ እንደ ጥቁር መስመር ይወጣል፣ ያኔ ዘይት የጠጣ እንጨት መፋቅ ደሞ ራስ ምታት ነው። ስለዚ ዘይቱን ከመክፈታችሁ በፊት የክፍሉን መብራት አጥፉና አንድ አምፖል ወይ የስልካችሁን መብራት ከጎን፣ ከእንጨቱ ጋር ተኝቶ እንዲያበራ አድርጉት፣ ጭረት ሁሉ ጥላ ይጥላል። በጥላው ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፣ በስክሬፐር ፍቁት፣ ከዛ ሆዱን አልኮል በነካ ጨርቅ ጠረግ አድርጉት፣ አልኮሉ እስኪተን ባሉት ጥቂት ሴኮንዶች ዘይት ሲቀባ የሚመስለውን ያሳያችኋል። አሁንም መስመር ካለ ተመልሳችሁ ፍቁ፣ ከፋቃችሁ በኋላ ግን ደጋኑን እንደገና ፑሊው ላይ ሰቅላችሁ ሳትስቡትና ሁለቱ ክንዶች እኩል መጎበጣቸውን ሳታዩ ዘይት አትቀቡ።